ከቃላቱ በላይ ያሉት ምልክቶች

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ለወንድሜ ለጋሼ ይርጋ ደብዳቤ መጣ። ከተቀበረ ሃምሳ ቀኑ ነው፤ ተዝካሩን እንኳ አውጥተናል። ስልኩ እኔ ዘንድ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ኢሜይሉ ገባ።

ወንድሜ ሁለት ዓመት ሙሉ የዶክትሬት አማካሪ ሲፈልግ ነበር። ቴክኖሎጂ ለገጠር ልማት ምን ይጠቅማል፣ ምንስ አይጠቅምም የሚለውን የሚያጠና ሰው። ስንቶቹ ዝም አሉት! በመጨረሻ አንዲት የውጭ አገር ፕሮፌሰር አጭሩን የጥናት ሐሳብ አይታ «ጥያቄህን ወድጄዋለሁ፣ ሙሉውን ላክልኝ» አለችው። ሳይልክ ታመመ። በሁለት ሳምንት ሄደ።

የዛሬው ከእሷ ነው። መዝገበ ቃላት ይዤ ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ብሩክ የሚባል ባልደረባህ ያንተኑ ጥያቄ ይዞ አመልክቷል፣ የደብተር ገጾች ፎቶም አያይዟል፤ አብራችሁ ነው የምትሠሩት? ዘንድሮ የምቀበለው አንድ ተማሪ ብቻ ነው፤ ትላለች።

መሞቱን አታውቅም። ብሩክ አልነገራትም።

ረቡዕ

በሂሳብ ክፍለ ጊዜ አንድ ቃል አልሰማሁም።

ብሩክ፣ ጋሼ ያስተምርበት በነበረው ዩኒቨርሲቲ ጓደኛው ነው። በሣልስቱ መጥቶ ከሁላችንም በላይ አለቀሰ። አባባ እጁን ይዘው «የልጄን ሥራ አደራ፣ ስሙን አስጠራልኝ» አሉት። «አደራዎን ብበላ እንደ ይርጋ ያድርገኝ፣ መሪጌታ» አለ። የጋሼን ሦስት የጥናት ደብተሮች መኪናው ድረስ የተሸከምሁለት እኔ ነኝ። የኮምፒዩተሩን የይለፍ ቃል የነገርሁትም እኔ።

ከሰዓት በኋላ ደወልሁለት። «እንዴት ነህ የኔ ጀግና፣ ትምህርት እንዴት ነው?» አለ፣ ምንም እንዳልሆነ። ደብዳቤውን ነገርሁት። «ሥራው ሣጥን ውስጥ ከሚበሰብስ እኔ ላድርሰው ብዬ ነው። የሞተ ሰው ዶክተር አይሆንም፣ ወንድሜ።»

ስሙስ? አልሁት።

«ምስጋናው ገጽ ላይ አስገባዋለሁ።»

ምስጋና! ጋሼ እሱን ከዝናብ ያስጠለለ ሰው ብቻ ነው እንዴ?

ሐሙስ፣ ሚካኤል

አባባ ማኅሌት ቆመው አድረው ደክመው ገቡ። ማዕዱን ሲባርኩ «ብሩክንም ልጄን ጠብቅልኝ» አሉ። እጄን ከማዕዱ አነሣሁ።

ለማን ልንገር?
ለአባባ፦ የሰጡት በእጃቸው ነው። ይጎዳሉ።
ለእማዬ፦ እስካሁን ሸሚዙን አላጠበችም።
ለእንግሊዝኛ መምህራችን፦ እስከ ነገ የወገዳ ሰው ሁሉ ይሰማል።
ለማንም ባልናገር፦ ብሩክ በጋሼ ደብተር ዶክተር ይሆናል።

ዓርብ

ለአባባ ነገርኋቸው። አውድማ ላይ ገብስ ስናበራይ ነበር። አባባ ጅራፉን አስቀምጠው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «እኔ ነኝ አሳልፌ የሰጠሁት» አሉ። የይለፍ ቃሉን የነገርሁት እኔ መሆኔን ግን አልነገርኋቸውም። በሬዎቹ ገብሱን ይበሉ ጀመር፤ ማንም አልከለከላቸውም።

ቀና ብለው «ምልክቱንስ ምን አደረገው?» አሉ።

እኔ እሱን ረስቼው ነበር። ጋሼ ልጅ ሳለ አባባ ዘንድ ድጓ ተምሯል። ገበሬዎችን ሲያነጋግር የሚሉትን ይጽፍና ከቃላቱ በላይ የዜማ ምልክት ያደርግ ነበር። ድምፃቸው ሲወጣ ቅናት፣ ሲወርድ ድፋት፣ ሲያቋርጡ ቁርጥ፣ ሲርገበገብ ርክርክ። ጥያቄው ይህ ነበር፦ ገበሬ በስልክ በድምፅ የሚመጣለትን የእርሻ ምክር ለምን ጀምሮ ይዘጋዋል? መልሱ ከሚሉት ይልቅ በአባባላቸው ውስጥ ነው ይል ነበር። ብሩክ ከተማ ያደገ ነው። የድጓ ቤት ደጃፍ አልረገጠም።

አባባ ድጓ ሊያስመሰክሩ ቤተ ልሔም ደብር ሳሉ የሰው ድጓ የራሱ አስመስሎ ይዞ የመጣ ተማሪ ነበር አሉ። «የኔታ አልተቆጡትም። አንዲት ምልክት ላይ ጣታቸውን አሳረፉና ዜማዋን አሰማኝ አሉት። በማግሥቱ ስንቁን ይዞ ሄደ።»

ቅዳሜ

አንድ ገጽ አለን! ክረምት ላይ ወገዳ ገበያ አብሬው ሳለሁ ደብተሩ አልቆበት በአምናው የሂሳብ ደብተሬ ጀርባ ነበር የጻፈው። ገብስ የሚሸጡ ወይዘሮ ጥሩዬ የሚባሉ ሴት ስለ ስልኩ ምክር ያሉት ነው፦ «ይሄ ሰውዬ ያዛል እንጂ አያዋይም። ባሌም እንዲሁ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው።»

አባባ መነጽራቸውን አድርገው ምልክቱን እየተከተሉ አሰሙት። ሴትዮዋን አይተዋቸው አያውቁም፤ ግን ቁርጥ እሳቸውን ሆኑ። «ያዛል» ላይ ድምፁ እንደ ድንጋይ ወረደ። «ባሌም» ብለው አቋረጡ፣ ከዚያ ሳቅ የመሰለ ርክርክ። በስልክ ቀዳሁት። እማዬ ከጓዳ ወጥታ ሳቀች። ቀጥላም አለቀሰች።

ለፕሮፌሰሯ ጻፍሁ። ይርጋ ሞቷል፣ እኔ ወንድሙ ነኝ። ብሩክን አልሰደብሁትም፤ አደራ በላ ለማለት እንግሊዝኛዬ አልደረሰም። ፎቶዎቹ ላይ ከቃላቱ በላይ ያሉት ምልክቶች ምን እንደሆኑ ጠይቂው፣ ብቻ አልሁ። ገጹንና ድምፁን አያይዤ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታው ላይ ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

መለሰች። ስለ ጋሼ አዝናለች። ብሩክን ጠይቃዋለች፤ «ብዕር ስሞክር የጫርሁት ነው» ብሏታል። ማመልከቻውን አቁማዋለች። ደብተሮቹን ለቤተሰቡ እንዲመልስም ጽፋለታለች። ለጋሼ ግን ምን ማድረግ እንደምትችል ገና አላወቀችም፤ የሞተ ሰው ተማሪ ሆኖ አይመዘገብም።

ይህንንስ ብሩክም ብሎኝ ነበር። ከእሷ አፍ ሲመጣ ግን ሌላ ነው።

የብሩክም መልእክት ገባ፦ «አፈርሁብህ። እንደ ታናሽ ወንድሜ ነበር የማይህ።» እሱ በእኔ አፈረ! ስለ ደብተሮቹ አንድ ቃል የለም። ማታ ጸሎት ላይ አባባ ስሙን ይዘሉት ይሆን ብዬ ጠበቅሁ። ጠሩት። እኔ አሜን አላልሁም።

ፕሮፌሰሯ መጨረሻ ላይ «ድምፁ የማን ነው?» ብላ ጠይቃለች። የእርስዎን ስም ልጻፍላት? አልኋቸው።

«እኔን ተወኝ» አሉ አባባ። «ቃሉ የወይዘሮ ጥሩዬ ነው በል። ምልክቱ የይርጋ።»

እንዳሉት ጻፍሁ። አሁን ኮረብታው ላይ ነኝ። ስልኩ ላይ የመላኪያው ክብ እየዞረ ነው፤ መልእክቱ ገና አልሄደም።