ዳልቻ ቆላ ወረደች

ቅዳሜ፣ ጥር 19

ልጄ ሰረቀኝ። ሌላ ስም የለውም። እኔ የገብርኤል ማኅበር ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ታደሰ የመጋዝ ቤቴን ከፍቶ ዳልቻን ወሰዳት። ቁልፉን የት እንደማኖር ያውቃል። በጆንያ ጠቅልሎ በቅሎ ላይ ሲጭናት ጎረቤት አይቷል፤ ማንም ምን አደረግህ አላለውም።

ዳልቻ ከሞተር መጋዞቼ ሁሉ በዕድሜ ትልቋ ናት፤ በጉልበትም የሚስተካከላት የለም። ቀለሟ አልቆ ብረቷ አመድ ስለመሰለ በበሬ ስም ጠራኋት። ከተዘጋ የጣውላ ካምፕ በጨረታ ስገዛት ሞተሯ ደርቆ ነበር። ሰው ሳቀብኝ። ሁለት ክረምት ፈትቼ ገጠምኳት፣ ተነሣች።

የቀሩትን አየሁ። ቀዮ አለች። ቡሬ አለች፤ ካርቡራተሯ ወልቆ ጣሳ ውስጥ ነው። ጠቋርም አለች፤ ፒስተኗ አርጅቷል። ለመለዋወጫ የያዝኳቸው ሬሳዎች እንዳሉ ናቸው። የዳልቻ ቦታ ብቻ ባዶ ነው። መሬቱ ላይ የዘይቷ እድፍ ቀርቷል።

ባለፈው ሳምንት ጠይቆኝ ነበር። መርሐቤቴ ቆላ ያሉት አማቾቹ ማሳ ላይ ትልቅ ዋርካ ወድቋል። ግንዱ የመስኖውን ቦይ ዘግቶት ሽንኩርታቸው እየደረቀ ነው አለኝ። በእጅ መጋዝ ሞክረው አልቻሉትም። አይሆንም አልኩት።

«ለምን አባባ?»

«አይሆንም ካልኩ አይሆንም።»

የልጅ አባት ለሆነ ሰው ይህ ይበቃው ነበር።

እሑድ፣ ጥር 20

ቅዳሴ ላይ ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። የምፈራውን ልጻፈው፤ ከጻፍኩት ምናልባት ያቀልልኝ ይሆናል።

ዳልቻን ያስተካከልኳት ለመንዝ አየር ነው። እዚህ ከፍታው ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ቤንዚን ከበዛባት ትታፈናለች። ስለዚህ የቤንዚኗን ብሎን ጠበቅ አድርጌ ዘግቼዋለሁ። ቆላ ደግሞ አየሩ ወፍራም ነው። ብሎኑ ካልተከፈተላት ቤንዚን ያንሳታል፤ ሲያንሳት ትግላለች፣ ፒስተኗም ይነክሳል፣ ተጣብቆ ይቀራል፣ በዚያው ያበቃላታል። ከዚያ በፊት ግን ሌላ ነገር አለ። ትበራለች፤ ሞተሯ ከልክ በላይ ይፈጥናል። ጣትህን ከቤንዚን መስጫው ላይ ብታነሣም ሰንሰለቱ መዞሩን አይተውም። የአሁኖቹ መጋዞች ፍሬን አላቸው። ዳልቻ የላትም፤ ያኔ አልተሠራም።

ይህን ማንም አላስተማረኝም። ቡሬን ሸዋ ሮቢት ወርጄ ካቃጠልኳት በኋላ ነው የገባኝ።

ለታደሰ አልነገርኩትም። ካልሰጠሁት ምን አስነገረኝ?

ከቀትር በኋላ ሚስቱ ዘነበች መጣች። አልገባም ብላ በር ላይ ቆመች።

«አባባ፣ ታደሰን ሌባ እያሉ ነው አሉ።»

«ሳይጠይቅ የወሰደ ምን ይባላል?»

«ጠይቆ ነው የተከለከለው።»

እሷ ምላስ አጥታ አታውቅም፤ ቀጠለች፦ «ለብረት እንዲህ የሚያዝኑ፣ ለሰው አንድ ቃል ይቸግርዎታል!»

ሄደች። «የሰውዬሽን እግር ነው የማስበው» ልላት አልቻልኩም።

ትናንት ከተነሣ ዛሬ ማታ ይደርሳል። ነገ አስተርእዮ ማርያም ናት፤ መጥረቢያ እንኳ የሚያነሣ የለም። ማክሰኞ ዑራኤል ነው፤ ቆላዎቹ ያክብሩት አያክብሩት አላውቅም። ካላከበሩት ማክሰኞ ይቆርጣሉ። እንግዲህ ያለችኝ ነገ ናት።

ሰኞ፣ ጥር 21

ማርያም ይቅር ትበለኝ፣ ንግሡን ትቼ መሐል ሜዳ ከተማ ሄድኩ። በጭነት መኪና፣ ከበግ ጋር።

ለታደሰ ቃል አልልክም ብዬ ምዬ ነበር። መሐላዬን አላፈረስኩም። የላክሁት ለዳልቻ ነው።

ቴሌ ሰልፉ ረጅም ነበር። መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ፣ የዘነበች አጎት ሽፈራው ሱቅ አለው፣ ስልክም አስገብቷል። መስመሩ ሲገኝ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚመጣ ነው የሚሰማው፤ እየጮህኩ ማውራት ግድ ሆነብኝ።

«ዳልቻን ይክፈታት በለው! ግማሽ ዙር! ወደ ግራ!»

ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ሰማ። አንዱ ጎረምሳ «ጋሼ፣ በሬ እንዴት ነው የሚከፈተው?» አለ። ሌላው «የመንዝ በሬ ቁልፍ አለው» ብሎ መለሰለት። ሳቁ። ዞሬ አየኋቸው፣ ተዉት።

ሽፈራውን ከልጅነቱ አውቀዋለሁ፣ ነገር አይስትም። መልሶ እንዲነግረኝ አደረግሁ። «የቤንዚኑን ብሎን፣ ቢጫ ቀለም የተቀባውን፣ ሳያስነሣት በፊት፣ ግማሽ ዙር ወደ ግራ።» ልክ ነው። «ንግሡ ላይ ከዚያ ሰፈር የመጡ አሉ፤ ዛሬውኑ አስይዛቸዋለሁ ጋሼ፣ አይስጉ» አለኝ።

አልሰጋሁም አልኩት።

ሲመሽ ቤቴ ደረስኩ። መልእክቱ ንግሥ ላይ ጠላ ከጠጣ ሰው ጋር ነው የሚወርደው። ይኼ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

ማክሰኞ፣ ጥር 22

ሥራ የለም።

የቀዮን ሰንሰለት ልሞርድ ተቀመጥኩ። አንዱን ጥርስ አስረዝሜ አንዱን አሳጠርኩ። እንዲህ ያለ ሥራ ሌላ ሰው ቢያመጣልኝ በሩን እዘጋበት ነበር። ሞረዱን አስቀመጥኩ።

አሁን ያስነሣታል። አሁን ግንዱ ላይ ቆሟል። ዋርካ ነጭ ወተት አለው፣ ሰንሰለቱን ያጣብቃል። ይህንንም አልነገርኩትም።

ባለቤቴ አስካለ ገብታ አየችኝ። ስንት ዓመት አብረን ኖረን አሁንም ከኋላዬ መጥታ ታስደነግጠኛለች።

«ለመጋዟ ነው ወይስ ለልጁ?»

«ለመጋዟ።»

«እንግዲያው ለመጋዟ ሻማ ላብራላት?»

ወጥታ ሄደች። ቤተ ክርስቲያን እንደሄደች አውቄአለሁ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ነበር።

ረቡዕ፣ ጥር 23

መጥፎ ቀን።

ከቆላ ሽንኩርት ጭኖ የወጣ ነጋዴ ደጄ ላይ ውኃ ለመነ። ሰጠሁት። ወሬ ጠየቅሁት። እያረፈ፣ እየተጎነጨ፣ «ትናንት እታች አንድ ሰው እግሩን ተቆርጦ በቃሬዛ ሲያወጡት አየሁ» አለኝ።

«በምን?»

«እንጨት ሲቆርጥ ነው አሉ።»

«የየት ሰው?»

«እኔ እንጃ አባቴ፣ ፊቱን ሸፍነውታል።»

ጣሳውን ከእጁ ተቀበልኩት።

ለአስካለ አልነገርኳትም። ለዘነበችም አልነገርኩም። ስንቅ አሰርኩ፤ ነገ ጎሕ ሲቀድ እወርዳለሁ። ጉልበቴ ቁልቁለቱን እንደማይችለው አውቃለሁ። ከቻለ ቻለ፣ ካልቻለ በቂጤ እየተንሸራተትኩ እወርዳለሁ።

ዛሬ የጊዮርጊስ ዕለት ነው። ተሳልኩ። እግሩን ካተረፍክልኝ ዳልቻን እሰጣለሁ ልል አፌ ላይ ደረሰ፤ መለስኩት። ሙክት ተሳልኩ። ይህን ስጽፍ አፈርኩ፤ ግን ያልኩት ይኸው ነው።

ሐሙስ፣ ጥር 24

በሁለት እግሩ ቆሞ መጣ።

በቅሎዬን እየጫንኩ ሳለሁ ከአጥሩ ውጭ ድምፅ ሰማሁ። የንስሐ አባቴ ቄስ ሞገስ ናቸው፤ ጎረቤቴ አያ ደምሴም አለ። በኋላቸው ታደሰ፣ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ። መጀመሪያ ያየሁት እግሮቹን ነው። አንድ፣ ሁለት። ሙሉ ናቸው። በኋላ እንደሰማሁት ቃሬዛ ላይ የነበረው መጥረቢያ የሳተበት የሌላ ሰፈር ሰው ኖሯል።

እዚያ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። አላቆምኩም።

«አያ ጌታሁን፣ ልጅህ በድያለሁ ብሎ መጥቷል፤ ስለ እግዚአብሔር ብለህ ድንጋዩን አውርድለት» አሉ ቄሱ።

«መጀመሪያ መጋዟን ልያት» አልኩ።

«ሰው ቆሞ ብረት ይቀድማል?» አለ ደምሴ።

«በዚህ ቤት ይቀድማል።»

ዳልቻን ታደሰ ይዞት ከመጣው ጆንያ አወጣኋት። በዋርካ ወተት ተለውሳለች፤ ከላይ ግን አልተሰበረችም። ገመዱን ሳብኩ። ዝም። ደግሜ ሳብኩ። ቤንዚን ሸተተኝ፣ አንድ ጊዜ አሳለች፣ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ሞተች። ክንዴ እስኪዝል ሳብኩ። ቄሱ ቆመው ያያሉ። እሱ ድንጋዩን እንደተሸከመ ነው።

«ገደልካት» አልኩት።

«አባባ፣ እታች ስትሠራ ነበር። ዋርካውን ጨርሳ ውኃው አልፏል። ያሉኝን ነው ያደረግሁት፣ ከላኩልኝ ቃል አንድም አላጎደልኩም።»

«ሰረቅኸኝ፤ ገደልካት፤ አሁን ደግሞ በእኔ ታሳብባለህ! ውጣ!»

ድንጋዩን ራሱ አወረደው። ቀስ ብሎ ነው፣ አልወረወረውም። ቄሱን እጅ ነሥቶ ወጣ።

ደምሴ ሲሄድ «ጌታሁን፣ አንተን የፈጠረ ብሎን ማላላት ረስቷል» አለኝ። ሌላ ቀን ቢሆን እመልስለት ነበር።

ዓርብ፣ ጥር 25

ከቁርስ በፊት ፈታኋት። ሬሳ ልትሆን እንደምትችል አስቤ ዕቃዋን የማኖርበት ጣሳ እንኳ አዘጋጅቼ ነበር።

ካንዴላዋን አወጣሁ። በቤንዚን ርሷል። ቀዳዳው ውስጥ ተመለከትኩ፤ ፒስተኗ ጭረት የለበትም፣ እንደነበረች ናት። እንግዲህ ምን ነካት?

ከዚያ ብሎኑን አየሁ። ቢጫው ምልክት ግማሽ ዙር ወደ ግራ ተከፍቷል።

በደጋው ስስ አየር ቤንዚን በዝቶባት ታፍና ነበር እንጂ አልሞተችም።

ብሎኑን ወደ መንዝ አየር መለስኩት። ካንዴላውን አድርቄ ገጠምኩ። ለሁለተኛ ጊዜ ስስባት ተነሣች። ድምፅዋ ያው የፊቱ ነው። አስካለ ከጓሮ ሮጣ መጣች፤ አየችኝ፣ ዳልቻን አየች፣ ምንም አልጠየቀችም። ምነው በጠየቀችኝ። አጠፋኋት።

ክፈት ያልኩት እኔ። ሲመለስ ዝጋ ያላልኩት እኔ። ለመንዝ ሰው ቆላ ወርዶ መውጣት ብርቅ አይደለም፤ ሲወጣ ጋቢውን መልሶ እንደሚደርብ ያውቃል። እኔ ለቁልቁለቱ ብቻ አሰብኩ።

ጣሳውን ወደ ቦታው መለስኩት።

እሑድ፣ ጥር 27

ከቅዳሴ በኋላ ቄስ ሞገስ ጠበቁኝ። «መጋዟስ?» አሉኝ። «ደኅና ናት» አልኩ። «እንዴት ደኅና ሆነች?» አሉኝ። መስቀሉን ተሳልሜ አለፍኩ። ከጀርባዬ ያዩኛል።

ትናንት አስካለን ወደ ታደሰ ልኬያት ነበር። ታደሰ «የገደልኳትን መጋዝ ለማየት አልመጣም» ብሏል። ዘነበች ደግሞ «ልጆቹን ይዘን እታች ወላጆቼ ዘንድ እንኖራለን» እያለች ነው፤ መሬት አለ፣ ውኃው ተከፍቷል። ውኃውን የከፈተችው የእኔው ዳልቻ ናት።

እታች ከሄዱ አይመለሱም። አስካለ ይህን ስትነግረኝ ፊቷን አዙራ ነው።

ዛሬ ራሴ ታደሰ ቤት ሄድኩ። ደጁ ላይ ቆምኩ፣ ይግቡ አሉኝ፣ አልገባሁም። ድንጋይ ልሸከም? አባት ለልጁ ድንጋይ ሲሸከም አላየሁም፤ የመጀመሪያውም እኔ አልሆንም።

«ነገ ከወንዙ በላይ ያለውን ትልቁን ባሕር ዛፍ እጥላለሁ» አልኩት። «ዳልቻን የሚይዝልኝ ሰው የለም።»

ዳልቻን ለማንም አስይዤ እንደማላውቅ ታደሰ ያውቃል። ዘነበች ግን «ሞታለች ተብሎ አልነበር?» አለች።

«ነገ» ብዬ ተመለስኩ። እሺም እንቢም አላለኝም።

ሰኞ፣ ጥር 28

ፀሐይ ከወጣች ቆየች። አልመጣም። መጋዟን ተሸክሜ ብቻዬን ወጣሁ። ዛፉ ሥር ተቀመጥኩ። ባሕር ዛፉን ብቻዬን ልጥለው እንደማልችል ከትናንት ጀምሮ አውቃለሁ።

ከዚያ ከታች የታደሰን ሳል ሰማሁ።

ሰላምታው አጭር ነበር። ዳልቻን አንሥቼ እጁ ላይ አኖርኳት። «ሳብ» አልኩት። ሳበ። ተነሣች።

ጎንበስ ብሎ ቢጫውን ምልክት አየ። ቀና ብሎ እኔን አየኝ። አጠፋት።

«አባባ፣ ይቺ ብሎን...»

«ዛፉ ወደ ምሥራቅ ነው የሚወድቀው» አልኩት።

ሊስቅ ነበር፤ ከንፈሩን ነክሶ ያዘው። እናቱን ይመስላል እንዲህ ሲያደርግ።

መልሶ ሳያስነሣት ግን አስቀመጥኩትና ነገርኩት። የደጋውን አየርና የቆላውን፣ የብሎኑን፣ የፍሬኑን ነገር፣ ሰንሰለቱ ለምን እንደማይቆም፣ ለምን አይሆንም እንዳልኩት። በአንድ ትንፋሽ አልቻልኩም፣ እያረፍኩ ነገርኩት። አላቋረጠኝም። ስጨርስ «ይህን ያን ዕለት ቢነግሩኝ እኮ አልወስዳትም ነበር» አለኝ።

ዳልቻን አንሥቼ መልሼ እጁ ላይ አኖርኳት።

ዛፉ ወደ ምሥራቅ ወደቀ። ቅርንጫፉን ስንመለምል ዋልን። ዘነበች ምሳ ይዛ መጣች፤ ለእኔም ነበረበት። ቆላ መሄዱን አላነሣችም፣ አልሄድም ብላም አልተናገረችም። ይሂዱ ይቅሩ አላውቅም።

ሰረቀኝ ብዬ ጽፌአለሁ። የጻፍኩትን አልሰርዝም። ነገር ግን ስለዚህ ጉዳይ ለቄስ ሞገስም፣ ለአስካለም፣ ለታደሰም፣ እዚህ ወረቀት ላይም ከዛሬ ወዲያ ቃል አይወጣኝም። የሚጠይቀኝ ካለ ስለ ባሕር ዛፉ ይጠይቀኝ።