የእትዬ ንግሥቴ ተራ

ውድ ወንድሜ ሙእሚን፣

አሰላሙ አለይኩም። ስንዴ ልጭን ብለህ ደጎሎ ከወረድክ ይኸው ሁለተኛ ሳምንትህ ነው፤ ብደውል አታነሳም። ይህን ደብዳቤ ወደዚያ ለሚመጣ ሹፌር እሰጠዋለሁ። ያለ ቂም ልጽፍልህ ሦስት ጊዜ ሞክሬ አቃተኝ፤ እንግዲህ ከነቂሜ አንብበው።

በጥቅምት አባባን ልንጠይቅ የሄድንበትን ቀን ታስታውሳለህ? በየቀኑ የሚውጧትን አስፕሪን አንስተህ «ይቺ ደግሞ ምን ትሠራለች?» አልከኝ። አንተ ስትጠይቀኝ ደስ ይለኛል። ደሴ የከብት ሕክምና ስማር ስንቅ ያመላለስክልኝ አንተ ነህና የማውቀውን ሁሉ ዘረገፍኩልህ። ፕሮስታግላንዲን የሚባል ነገር በሰውም በከብትም ሰውነት ውስጥ አለ፤ አንዱ ዓይነት የደም ሥርን ያሰፋል፣ ሌላው ያጠባል አልኩህ። ቁስል የሚቀላውና የሚሞቀው በዚሁ ሰበብ ደም ወደዚያ ስለሚበዛ ነው። የአባባ ኪኒን ደግሞ ደም የሚያረጋውን የእሱን የቅርብ ዘመድ ስለምትከለክል ደማቸው እንዳይጓጉል ትጠብቃለች። አባባ ሳይቀሩ «ማሻአላህ፣ ልጄ ሐኪም ሆነች» ብለው ሳቁ።

ከዚያ ላሞችን ከማዳቀላችን በፊት ስለምወጋቸው መርፌ ጠየቅከኝ። እሱም ፕሮስታግላንዲን ነው አልኩህ። በላሟ እንቁላል ማምረቻ ላይ እርግዝናን የምታጸና ቢጫ እብጠት አለች፤ መርፌው ወደሷ የሚሄደውን ደም ይቀንስባታል፣ እሷም ትሟሽሻለች፣ ላሟ በቀናት ውስጥ ኮርማ ትፈልጋለች።

«ያረገዘችስ?» አልከኝ።

«ትጨነግፋለች» አልኩህ።

በኅዳር ላሞችን በፈረንጅ ዘር የማዳቀል ዘመቻው ቀበሌያችን ሲደርስ ከአርባ በላይ ላም ተሰልፎ ነበር። አንተ ቡሬን ይዘህ መጣህ። ቡሬ የእትዬ ንግሥቴ ናት። ባላቸው ሲሞቱባቸው የሚያረባላቸው ቢያጡ ለአንተ በርቢ ሰጡህ፤ ድካሙም ወተቱም ያንተ፣ ጥጃው በተራ። የመጀመሪያው ላንተ ደረሰ። ቀጣዩን እሳቸው ለልጃቸው ለወርቄ ጎጆ መውጫ ብለው ይጠብቁ ነበር።

«ኮርማ አላገኛትም» አልከኝ። እጄን አስገብቼ ማህፀኗን መፈተሽ ነበረብኝ፤ የሌላውን ሰው ላም ሁሉ ፈትሻለሁ። የአንተን ሳልፈትሽ ወጋኋት።

በአምስተኛው ቀን እትዬ ንግሥቴ እያለቀሱ ቢሮዬ መጡ። ቡሬ የአራት ወር ፅንስ ጥላለች። እርጉዝ መሆኗን እንኳ የነገራቸው አልነበረም። ምን በሽታ ነው ብለው ሲጠይቁኝ «አጣርቼ እነግርዎታለሁ» ብዬ ሸኘኋቸው። ስደውልልህ አንተ አልደነገጥክም። «እንግዲህ ተራቸው በሞተው አለፈ፤ የሚቀጥለው የኔ ነው። በሽታ ነው በያቸው» ብለህ ዘጋኸው። የሚቀጥለው የፈረንጅ ዲቃላ ሆኖ ዋጋው እጥፍ እንደሚሆን ሁለታችንም እናውቃለን። በማግስቱ የኮርማው ባለቤት አሻግሬ፣ ሐምሌ ላይ ኮርማውን ለቡሬ ራስህ ለምነህ እንደወሰድክ አጫወተኝ፤ ምስኪን፣ ምን እንደነገረኝ እንኳ አላወቀም።

ሙእሚን፣ ዋሽተህ ብቻ ቢሆን ባኮረፍኩህና ባለፈ። ግን አባባ አጠገብ ተቀምጠህ «ያረገዘችስ?» ስትለኝ፣ ያኔውኑ አስበኸው ነበር? ሌሊት ተቀምጬ የተማርኩትን በደስታ ብነግርህ አንተ ወስደህ የደሀ ጥጃ ገደልክበት፣ ያውም በገዛ እጄ። ከማንም ቢመጣ እችለው ነበር፤ ካንተ ግን አልጠበቅሁም።

ትናንት እትዬ ንግሥቴ ቤት ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳያቋርጡኝ ሰሙ። ሲያበቃ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦

«አንቺስ የኔ ልጅ፣ ለምን ሳታይው ወጋሽ?»

«ወንድሜ ስለሆነ አመንኩት» አልኳቸው።

ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «እኔም ልጄ ብዬ ነው ላሜን የሰጠሁት» አሉኝ።

ሳልፈትሽ መውጋቴን ለቢሮው ራሴ በጽሑፍ አመልክቻለሁ፤ የሚመጣውን እቀበላለሁ። ቡሬን ዛሬ ጠዋት ከበረትህ ፈትቼ እሳቸው ግቢ አስገብቻታለሁ። ማህፀኗ ሲያገግም አዳቅላታለሁ፤ ጥጃው የወርቄ ነው።

አላህ ልብ ይስጥህ። ስትመለስ ቤቴ ና፣ ምሳህን አልነሳህም። ላም ይዘህ ከመጣህ ግን እንደ ሰው ሁሉ ትሰለፋለህ፤ እኔም በእጄ ሳልፈትሽ መርፌ አላነሳም።

እህትህ ሩፋይዳ
መካነ ሰላም