«ቢሆንስ?» እያሉ ላስተማሩን መምህር፦ ከሰው ጂኦግራፊ ትምህርት ክፍል የተሰጠ የሐዘን መግለጫ

የትምህርት ክፍላችን የሳይንስ ፍልስፍናና የምርምር ዘዴ መምህር፣ በግቢው ከመዝገብ ስማቸው ይልቅ «ጋሽ ቢሆንስ» በመባል የሚታወቁት አንጋፋ ባልደረባችን፣ ባለፈው ሰኞ ጠዋት በመኖሪያ ቤታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በተገኙበት ዐርፈዋል። መምህራን፣ የአስተዳደር ሠራተኞችና ተማሪዎች በአንድነት ዐዝነናል። ሆኖም ረጅም ዕድሜ ኖረው፣ ሥራቸውን ከዳር አድርሰው፣ ደስ ብሏቸው ስለ ሄዱ ሐዘናችን ምስጋና የተቀላቀለበት ነው። «ደስ ብሏቸው» ያልነው ለወጉ አይደለም። ያለማስረጃ የተነገረ ነገር እሳቸውን ያስቆጣ ስለ ነበር ማስረጃው ከዚህ በታች ቀርቧል።

ባልደረባችን ሥራ የጀመሩት ትምህርት ክፍሉ በተከፈተ በሦስተኛው ዓመት ነው። በዚያን ጊዜ የምርምር ዘዴ ትምህርት ይሰጥ የነበረው ተማሪዎች ከመስክ ከተመለሱ በኋላ ነበር። መጠይቁ ተሞልቶ ካበቃ በኋላ ጥያቄው ምን እንደ ነበረ ይታሰባል። እሳቸው ይህንን «ልብሱ ከተሰፋ በኋላ ልክ መውሰድ» ብለው በየስብሰባው ሲሟገቱ ቆይተው፣ በመጨረሻ ትምህርቱ ከመስክ በፊት እንዲሰጥ አስወሰኑ። እስከ ዛሬም የሚሠራበት ይኸው ነው።

በተከታዩ ዓመት የመስክ መኪናው ቁልፍ በእሳቸው እጅ እንዲቀመጥ ተደረገ። ቢሯቸው ከመኪና ማቆሚያው ፊት ለፊት ስለ ነበር እንጂ ሌላ የታሰበ ነገር አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ግን ቁልፍ ሊወስድ የመጣ ሁሉ በሩ ላይ አንድ ጥያቄ ይጠብቀው ጀመር፦ «ምን ብታገኝ ነው ተሳስቻለሁ የምትለው?» መልስ ያጣ ቁልፉን ሳይዝ ይመለሳል። ሾፌራችን ከመኪናው አጠገብ ቆመው «ዛሬም ነዳጅ ተረፈን» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ባልደረባችን ግን ቀልድ አልያዙም። «የሚደግፈኝን ልፈልግ ብሎ የወጣ ሰው ባዶ እጁን ተመልሶ አያውቅም» ይሉ ነበር። ስለዚህም ማግኘት ብቻውን አያኮራም፤ የሚያኮራው ላለማግኘትም በሩን ከፍቶ መውጣት ነው።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የአውቶቡስ ፌርማታዎችን ጥናት መርተዋል። ተማሪዎቻችን ረጅም ደረጃ ባለው አንድ ፌርማታ የተገኘውን ተሳፋሪ ሁሉ ጠይቀው «ደረጃው ማንንም አያስቸግርም» የሚል ውጤት ይዘው መጡ። እሳቸው ወረቀቱን አንብበው «ደረጃው ያስቸገረው ሰው ፌርማታው ላይ ምን ይሠራል? ቤቱ ነው ያለው» አሉ። ተማሪዎቹ ከዋናው መንገድ ጀርባ ያሉትን ቤቶች እያንኳኩ እንደገና ጠየቁ። ዛሬ በዚያ ፌርማታ በደረጃው ጎን ተዳፋት መወጣጫ አለ።

ስማቸውን ያስጠራው ዋናው ሥራቸው ግን የጉርብትና ጥናት ነው። የከተማው መኻል ሲታደስ የብዙ ሰፈር ነዋሪዎች ወደ ዳርቻ ተዛወሩ፤ ከእሳቸውም ሰፈር ግማሹ ሄደ፣ የእሳቸው ቤት ከቀሩት ውስጥ ሆነ። የሄዱት የቀሩትን ስንት ጊዜ እንደሚጠይቁ ለዓመታት ቆጥረው፣ ርቀት ጉርብትናን ያከስማል የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሱ። በፍርዴ አድልዎ እንዳይገባ ብለው የራሳቸውን ቤት ከጥናቱ አውጥተውታል። ውጤቱ በመማሪያ መጽሐፋችን አንድ ምዕራፍ ሆኖ ትውልድ ተምሮበታል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለውን አባባል በቁጥር ደገሙት ብሎ ያሾፈባቸውም አልጠፋ።

ካቻምና የቀድሞ ተማሪያቸው፣ አሁን የሥራ ባልደረባችን የሆነች መምህርት፣ ቁልፉን ልትወስድ ሄደች። የተለመደውን ጥያቄ ጠየቋት።

«በጉርብትናው ጥናትስ ጋሼ፣ ምናልባት የተሳሳቱት እርስዎ ቢሆኑስ?» አለቻቸው።

«ታዲያ ምን ቆመሽ ትጠብቂያለሽ?» ብለው ቁልፉን ሰጧት። ነዳጅ እንዲሞላላትም ለሾፌሩ ነገሩ።

መምህርቷ ያገኘችው የሚከተለውን ነው። የሄዱት ሰዎች በእርግጥ የሚመጡት አልፎ አልፎ ነው። ሲመጡ ግን ያድራሉ፣ ይሰነብታሉ፣ በሽተኛ ያስታምማሉ፣ ልጅ ይጠብቃሉ። አብረው ያሳለፉት ጊዜ ሲደመር ግድግዳ ከሚጋራ ጎረቤት አያንስም። የቀድሞው ጥናት የቆጠረው በር ማንኳኳትን ነበር፤ መቀመጥን አልቆጠረም።

ይህ ውጤት ሲደርስ ባልደረባችን አልጋ ላይ ውለው ነበር። ይነገራቸው አይነገራቸው በሚለው ትምህርት ክፍሉ ለሁለት መከፈሉን አንደብቅም። ግማሾቻችን የዕድሜ ልክ ሥራቸው ፈረሰ ብሎ ለታማሚ መንገር ጭካኔ መስሎን ነበር። መምህርቷም እስከ ሳሎኑ ደርሳ ልትመለስ ነበር። ያስገቧት ባለቤታቸው ናቸው። «ደብቃችሁት የደረሰበት ቀን ነው የሚብስበት። ግቢና ንገሪው ልጄ» አሏት።

ሰሙ። ቤቶቹ እንዴት እንደ ተመረጡ ጠየቁ። በሩ ተዘግቶ ያገኘችው ቤት ምን እንደ ተደረገ ጠየቁ። ጨርሰው መምጣት የተዉ ካሉ ፈልጋ እንደሆነ ጠየቁ፤ ፈልጋ ነበር፣ ጥቂቶችንም አግኝታለች። በመጨረሻ «እንግዲያው ተሳስቻለሁ» ብለው ትራሱን አስተካክሉልኝ አሉ፤ ፊታቸው በርቶ ነበር። ወደ ባለቤታቸው ዞረውም «ሰማሽ? ጎረቤቶቻችን አልተዉንም» አሏቸው።

«እኔማ ፍራሽ ሳነጥፍላቸው ነው የኖርኩት» አሉ ባለቤታቸው። «አንድ ቀን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

«የኛ ቤት ከጥናቱ ውጭ ነበራ» ብለው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ከላይ ያልነው ማስረጃ ይህ ነው።

በማግስቱ የምዕራፉን አዲስ መክፈቻ በቃላቸው አስጻፉ፦ «ይህ ምዕራፍ ቀድሞ ይል የነበረው ስሕተት ነው፤ እንዴት እንደ ታወቀ እነሆ።» መጽሐፉ በሁለቱ ስም ይታተማል። የመስክ መኪናው ቁልፍም በትምህርት ክፍሉ ውሳኔ ለመምህርቷ ተላልፏል፤ ጥያቄውም ከቁልፉ ጋር።

ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸው፣ ለተማሪዎቻቸውና ቁልፍ ተከልክሎ ለተመለሰ ሁሉ ብርታትን እንመኛለን። ከቀብሩ በኋላ ሐዘንተኞቹን ልንጠይቅ ስንሄድ ወደ ዳርቻ ከተዛወሩት የድሮ ጎረቤቶች መካከል ብዙዎቹን እዚያው አግኝተናቸዋል። ለማደር መጥተው ስለ ነበር ፍራሹ ከሳሎኑ አልፎ እስከ መተላለፊያው ተነጥፏል። ባለቤታቸው መምህርቷን በክንዷ ይዘው በፍራሾቹ መኻል አሳለፏትና «አሁን የእኛንም ቤት ቁጠሪው» አሏት።

ተቆጥሯል።

የሰው ጂኦግራፊ ትምህርት ክፍል