እንድንደነግጥ ስለ ታዘዝንበት ሳምንት

ለክቡር አምባኤሬ ጊንዶ፣ የወረዳችን አስተዳዳሪ፤

ጤናዎ የተሟላ፣ ቢሮዎ ነፋሻ፣ ወንበርዎም የማይነቃነቅ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ እኔ በኒጀር ወንዝ ዳር የመንደራችን ዓሣ አጥማጆች የውኃ አለቃ የሆንሁት ሽማግሌ ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲሰማው አድርጌ ጽፌልዎታለሁ።

ከአውሮፓ የሚመጡት እንግዶች፣ የአገራቸው ሰው በጀልባ ወርዶ ወንዛችንን «ያገኘበትን» ዘመን ለማክበር ጉዞውን በሚደግሙበት ሳምንት፣ ወንዙ ሰው ያልነካው እንዲመስል መረብ እንዳይጣል እርስዎ ስላዘዙ እጅግ አመሰግናለሁ። አያቶቼ በዚያ ውኃ ላይ ተወልደው በዚያው ሲያረጁ፣ ወንዙ ጠፍቶ እንደ ነበር የነገራቸው አልነበረም።

አንደኛ፦ መልእክተኛዎ ሽማግሌዎችን ዳር ላይ አሰልፎ፣ የጀልባ ሞተራችንን በምንጣፍ አስሸፍኖ፣ ነጭ አይቶ እንደማያውቅ ሰው መደንገጥን አስተምሮናል። «አባቶች፣ አፍ ከፈት! ዓይን ፈጠጥ! እማማ፣ እርስዎ እኮ አልደነገጡም!» ቢላት እኅቴ ካጃ፣ «ልጄ፣ ነጭ አይቼ የደነገጥሁት ሐኪሙ ጥርሴን የነቀለኝ ቀን ብቻ ነው፤ ጉጠቱን ይዞ ይምጣና እንሞክረው» አለችው። ልምምዱ በሣቅ ተበተነ። ስለ ድካሙ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ።

ሁለተኛ፦ ያ ሳምንት የኩሬው ሳምንት ነው። ወንዙ ሲጎድል ኩሬው ውስጥ የቀረውን ዓሣ መንደሩ በሙሉ በአንድ ቀን ገብቶ ያጠምዳል፤ ቀኑን የምቆርጠውም እኔ ነኝ። ከዘገየን ውኃው ይሞቅና ዓሣው ጭቃ ላይ ያልቃል። ዓሣውን አድርቀን በማሽላ ለውጠን ነው እስከ ክረምት የምንበላው። እንግዶችዎ የባዶ ወንዝ ፎቶ ይዘው ይሄዳሉ፤ እኛ ባዶ ድስት ይዘን እንቀራለን። ስለዚህ ፍትሐዊ ክፍፍል በምን ቃል ላመስግንዎ?

ደግሞም አባቴ እንደ ነገሩኝ ያ የፊተኛው መንገደኛ እንኳ ርቦት ሲመጣ የጊዜውን የውኃ አለቃ ፈቃድ ጠይቆ፣ የሰጡትን ዓሣ በልቶ፣ መንገድ አሳይተውት ነው ያለፈው። ጉዞው በትክክል ይደገም ከተባለ እንግዶቹ ይምጡና ይጠይቁኝ።

እኔ ግን ሐሙስ ጠዋት ኩሬውን እከፍታለሁ። ወታደር መላክ ሥልጣንዎ ነው፤ መረብ ይዞ ከመጣ ድርሻውን ይወስዳል።

ከሹመትዎ በፊት እዚሁ የነበረ፣ ከሹመትዎም በኋላ እዚሁ የሚገኝ ታዛዥዎ፣
ቡራይማ ካራቤንታ

ማስታወሻ፦ እኔ ከዓሣ አጥማጆቹ ነገድ ከቦዞ ነኝ፣ እርስዎ ሽንኩርት ከሚያለማው ነገድ ከዶጎን ነዎት፤ በአገራችን ደንብ ቦዞና ዶጎን ተገናኝተው ካልተሰዳደቡ ተጣልተዋል ማለት ነው። ባለፈው የገበያ ቀን እንኳ በሰው ፊት «አንተ የሽንኩርት ሌባ!» ብልዎ፣ «ዝም በል፣ አንተ የዓሣ እሾህ!» ብለውኝ ተቃቅፈን ሥቀናል። አሁን ይህን ደብዳቤ ከላይ ጀምረው እንደገና ያንብቡት፤ አንድም ስድብ አያገኙበትም።