ከመርከቡ ወዲያ

ሮም፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ለምወድዎና ለምናፍቅዎ እናቴ፤

እምዬ፣ እንዴት ከርመዋል? የደብረ ብርሃን ብርድ ጉልበትዎን እንዴት አድርጎታል? ቀኝ እግርዎን ሲጎትቱ በዓይኔ እየመጡብኝ እጨነቃለሁ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። ባለቤቴ ረዳ ደህና ነው፣ የልጅ ልጅዎ ሰብለወንጌል ደህና ናት፣ የእኔም ወገብ እግዚአብሔር ይመስገን ተሽሎታል። ይህን ደብዳቤ አሸብር የሚባል የቤተ ክርስቲያናችን ሰው በእጁ ያደርስልዎታል። አዲስ መነጽርም አብሬ ልኬያለሁ። በስልክ ያልነገርኩዎ እርስዎ ዘንድ ሰው ስለማይጠፋ ነው፤ ይህን ብቻዎን ሆነው እንዲያነቡልኝ ፈለግሁ።

የምጽፍልዎ ላመሰግንዎ ነው። ሠርጉ ደስ ብሎ ማለፉን ሰምተዋል። እንዴት እዚያ እንደደረስን ግን ቁራጭ ቁራጩን እንጂ ከነሙሉው አልነገርኩዎም።

ዳኒኤላን ደጋግሜ አንስቼብዎታለሁ፤ የአሁኗ የልጄ አማት ናት። አገሯ ፔሩ ነው፤ ከውቅያኖስ ማዶ፣ ስፔኖች ሦስት መቶ ዓመት ያህል የገዙት አገር። የተዋወቅነው ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ውስጥ ነበር። የድንብላል ቅጠል ስትመርጥ አየኋትና የእኛ ሰው ስለመሰለችኝ «እህቴ፣ ትኩስ ነው?» ብዬ በአማርኛ ጠየቅኋት። ሳቀች። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ያለ ሐበሻ ሁሉ እንደዚያ እንደሚያናግራት በጣልያንኛ ነገረችኝ። የገዛ አገሯ ሰዎች ደግሞ ከየት ነሽ ይሏታል። ከፔሩ ነኝ ስትል፣ «ከዚያ በፊትስ?» ብለው ይጨምራሉ።

እሷም እንደ እኔ ባዳንቴ ናት፤ ሽማግሌ ትጦራለች። ወገቤን ኦፐራሲዮኔ ባደረግሁ ጊዜ የራሷን ሥራ ጨርሳ እየመጣች እኔ የምንከባከባትን ሲኞራ አጥባ፣ አብልታ፣ አስተኝታልኛለች። ሥራዬን ሳላጣ የተነሣሁት በእሷ ነው። ሰብለወንጌልም ዳኒኤላ ቤት እየዋለች ስፓኒሽ ለመደች፤ ረዳ ሐኪም ትሆናለች ብሎ ሲጠብቅ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የፔሩንና የጎረቤቶቿን ሥነ ጽሑፍ መረጠች። እራት ላይ ትተርክልን ነበር። ሰዎቹ የገዢዎቻቸውን ቋንቋ የራሳቸው አድርገውታል፤ በዚያው ቋንቋ ደግሞ ማን ነን እያሉ ይጽፋሉ። ስፔኖች ነን? የጥንት የአገሩ ባለቤቶች ነን? አፍሪካውያን ነን? መልሱን ስጠይቃት፣ «አሎራ ማማ፣ መጽሐፉ ሳይመልሱ ያልቃል» ትለኛለች።

ማርቲን የዳኒኤላ አንድ ልጇ ነው፤ ነርስ ነው፣ ረጋ ያለ። ሁለቱ እንደሚዋደዱ እኛ እናቶች ሳይነግሩን አውቀን፣ እንዳላወቀ ሰው ሆነን ከረምን።

ባለፈው ሰኔ ሽማግሌ ላከ። ዳኒኤላ ወጉን ከእኔ ጠይቃ አንዲት በዕድሜ የገፉ የቤተ ክርስቲያኗን ሴት አስከትላ መጣች፤ ሌላ ዘመድ እዚህ ስለሌለኝ ሽማግሌውም እኔው ነኝ አለች። ረዳ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ተቀበላቸው። ከዚያ እንደ አባቶቹ ጠየቀ፤ ልጁ የማን ልጅ ነው፣ አጥንቱ እስከ ስንት ቤት ይቆጠራል አለ።

ዳኒኤላ ዓይኗን አልሰበረችም። የምንጠራበት ስም የአያቶቼ ስም አይደለም አለች። የሸንኮራ እርሻው ጌታ ስም ነው። የጥንት አባቶቻችንን ከአፍሪካ በመርከብ አምጥተው ለስፔኖች ሸጧቸው፤ ጌታው ከበሬዎቹ ጋር ቆጥሮ በራሱ ስም ጠራቸው። እስከ እርሻው ድረስ ልቆጥርልህ እችላለሁ፤ ከመርከቡ ወዲያ ግን አናውቅም። ቤታችሁ ውሸት ይዤ ልገባ አልፈለግሁም አለችው።

ረዳ ክፉ ቃል አልተናገረም። ተነሥቶ ብርጭቋቸውን ሞላና አስበን መልስ እንሰጣለን ብሎ በክብር ሸኛቸው። በሩ ሲዘጋ ግን ፊቱን በእጁ ሸፍኖ፣ «ልጅህን ለባሪያ ዘር ሰጠህ ሲሉኝ ለወንድሞቼ ምን እመልሳለሁ?» አለኝ።

ሰብለወንጌል ሰማችው። ወጥታ ከፊቱ ቆመች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ስፔኖች ሰውን በደሙ ይከፋፍሉ እንደነበር፣ ማን ከማን እንደተወለደ በሥዕል ሥለው ለእያንዳንዱ ስም እንዳወጡለት፣ በዚያ ስም ማን ምን እንደሚለብስና የት እንደሚማር ይወሰን እንደነበር ነገረችው። «ይህን በመጽሐፍ ነበር የማነበው ባቦ፤ እቤታችን አለ» አለችና ቦርሳዋን ይዛ ጓደኛዋ ዘንድ ሄደች።

ሰነበተች። ረዳ ምግብ ሳይቀምስ ይውላል። ዳኒኤላ እንደ ወትሮዋ ትደውልልኛለች፤ ስለ ወገቤ ትጠይቀኛለች እንጂ ስለ ልጆቹ ቃል አትናገርም። ያ ዝምታዋ አንገበገበኝ። ልጄንም እሷንም በአንድ ቀን ላጣ ነው ብዬ ፈራሁ። ያን ጊዜ ነው ለእርስዎ የደወልኩት።

ነገሩን ሁሉ ነገርኩዎ። ልጁን ትወደዋለች ወይ ብለው ብቻ ጠየቁኝ። አዎ ስልዎ፣ «ረዳን አገናኚኝ» አሉ።

ስልኩን ይዞ በረንዳ ወጣ። በመስተዋቱ በኩል አየሁት። መጀመሪያ ቆሞ ነበር፤ ቆይቶ ኮፍያውን አወለቀ፤ ከዚያ እዚያ ባዶ የቲማቲም ሳጥን ላይ ተቀመጠ። እንደ ልጅ እየሰማዎት ራሱን ይነቀንቅ ነበር። ሲገባ ዓይኑ ቀልቷል። ውኃ ጠጣና ዳኒኤላን እሑድ ነዪ በያት፣ ለሰብለወንጌልም እኔው እደውላለሁ አለኝ። እስከ ዛሬ ምን እንዳሉት አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። እርስዎንም አልጠይቅዎትም። በልጅነቴ በአባቴ በኩል እስከ ሰባት ቤት ያስቆጥሩኝ ነበር። በእርስዎ በኩል ግን አያቴ ላይ ስደርስ፣ ሂጂ ወተቱን እዪው፣ ይገነፍላል ይሉኝ ነበር።

እሑድ ረዳ ከደጅ ጠብቆ ዳኒኤላን ዝቅ ብሎ እጅ ነሣት። ልጆቹ በኮሙኔ፣ በማዘጋጃ ቤቱ፣ ተፈራረሙ፤ ግብዣው ላይ የፔሩ ሰዎች በእንጨት ሣጥን ሙዚቃ መቱ። በባርነት ዘመን ከበሮ ሲከለከሉ የዕቃ ሣጥን መምታት የጀመሩ ናቸው ይላሉ። ረዳ በዚያ ምት እስክስታ ወረደ፣ ዳኒኤላም በዚያው ምት በእግሯ መለሰችለት። እንደዚያ ስቆ አይቼው አላውቅም። ይህ ሁሉ የእርስዎ ውለታ ነው እምዬ። ምን ዋጋ ከፍለው እንደሰጡን በሙሉ ባላውቅም፣ ቀላል እንዳልነበረ አውቃለሁ።

ባለፈው እሑድ ዳኒኤላ ወደ ፔሩዎቹ ክብረ በዓል ወሰደችኝ። ሐምራዊ ለብሰው የጌታን ስቅለት ሥዕል ተሸክመው ሲዞሩ የእኛን ታቦት አስታወሰኝ። የመጀመሪያውን ሥዕል በአገራቸው የጭቃ ግድግዳ ላይ የሣለው ከአፍሪካ የተወሰደ ባሪያ ነበር አለችኝ፤ የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማውን ሲያፈርስ ያ ግድግዳ ቆሞ ቀረ። የሠዓሊውን ትክክለኛ ስም ግን አንዱ እንዲህ ነው ሲል ሌላው እንዲያ ነው ይላል።

ከዚያ እንዲህ አለችኝ። በኅዳር ወር ቤተ ክርስቲያናቸው ለሞቱት ትጸልያለች፤ ቄሱ ስማቸውን ይጠራሉ። ዘንድሮ ተዛምደናልና የእናንተንም ስጪኝ አለች። የአባቴን ነገርኳት። የአያቴን፣ የእናትዎን፣ ልነግራት ስል ግን ያለኝ የክርስትና ስሟ ብቻ ሆኖ አገኘሁት።

አሸብር ኅዳር መግቢያ ላይ ይመለሳል። እባክዎ እምዬ፣ የፊተኛውን ስሟን ይላኩልኝ፤ ወደ ጌቶቿ ቤት ሳትመጣ በፊት፣ በእናቷ አገር የሚጠሯትን። የማያውቁት እንደሆነም አይዘኑ። እነ ዳኒኤላ ስማቸው ለማይታወቅም ጸሎት አላቸው።

የጻድቃን አምላክ ጉልበትዎን ያበርታልኝ፣ የልጅ ልጅዎን ልጅ ለመሳም ያብቃዎ። ጉልበትዎን ስሜያለሁ።

የምትወድዎ ልጅዎ፣
የአያቴም የልጅ ልጅ