በልጆች መጫወቻ ማሽን በር ላይ ስለተለቀቀ ኤሌክትሪክ እና ከዚያ ስለተከተለው ድብደባ

ለሀብሩ ወረዳ ፍትሕ ጽሕፈት ቤት
መርሳ

ቀን፦ ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

አመልካች፦ ወ/ሮ ኢብቲሳም ሚስባህ
አድራሻ፦ መርሳ ከተማ

ጉዳዩ፦ በእርቅ ምክንያት ምርመራው እንዳይዘጋ፣ ኤሌክትሪክ የተጠመደባቸው ሌሎች ማሽኖች በአስቸኳይ እንዲነቀሉ እና የእኔም ድርጊት በሕግ እንዲታይ ስለማመልከት

1. እኔ አመልካች ከታናሽ ወንድሜ ከዓሪፍ ሚስባህ ጋር ሳንቲም ሲገባባቸው የሚሠሩ የመጫወቻ ማሽኖችን በመጠገን እንተዳደራለን። ልጆች የሚወዛወዙባቸውን ፈረሶችና መኪናዎች፣ ጆተኒውን፣ በመንጠቆ አሻንጉሊት የሚያነሳውን ሁሉ እንሠራለን። ሞተሩና ሽቦው የዓሪፍ ነው። ሳንቲም የሚጠራቀምበትን ሣጥን ቁልፍ መግጠም፣ የጠፋውን መቅረጽ፣ የተሰበረውን መለወጥ የእኔ ነው። ሙያውን ያገኘሁት ወልድያ ውስጥ ቁልፍ ይቀርጹ ከነበሩት ከአባታችን ነው። ሴት ቁልፍ ሠሪ መሆኔ መጀመሪያ ላይ ሰውን ያስቀው ነበር። ዛሬ የሚስቅ የለም።

2. አቶ ካሳሁን ብሩክ በመርሳ ከተማ የልጆች ጨዋታ ቤት አላቸው፤ በወልድያም እንዲሁ ማሽኖች አሏቸው። የመርሳው ቤት ሣጥኖች በተደጋጋሚ እየተፈለቀቁ ሳንቲማቸው ስለተወሰደ ጠንካራ ቁልፍ እንድንገጥም ጠሩን። ገጠምን። ሌባው ቁልፉን ትቶ የፈረሱን ሣጥን በር ከማጠፊያው ነቀለው። በዚህ ጊዜ አቶ ካሳሁን በጣም ተቆጡ፤ በመቆጣታቸው አይፈረድባቸውም። ያሉን ግን የሚከተለውን ነው፦

«በሩ ላይ ኤሌክትሪክ ልቀቁበት። የነካው ይማርበታል።»

ዓሪፍ አክብሮ ነው የመለሰላቸው። «ጋሽ ካሳሁን፣ ይህን ፈረስ ልጆች አቅፈውት ነው የሚጫወቱት፤ እግራቸው በሩ ላይ ነው የሚያርፈው» አላቸው። እኔም ከዚያ የወፈረ ብረት በር አሠርቼ እንደምገጥምላቸው ነገርኳቸው። በሐሳቡ የተስማሙ መሰሉ። በሩን ገጥሜ፣ መክፈቻውን አስረክቤ፣ አንዱን ለጥገና እኛው ዘንድ አስቀርተን ሄድን።

3. ከጥቂት ቀናት በኋላ በጨዋታ ቤቱ ተቀጥራ የምትሠራው ወ/ሪት ናርዶስ ፈረሱ ሳንቲም ጎርሶ እንደቆመ ደውላ ነገረችን። የደረስነው ትምህርት ቤት በተለቀቀበት ሰዓት ስለነበር ቤቱ በልጆች ተሞልቷል። አንዲት ትንሽ ልጅ ፈረሱ ላይ ተቀምጣ ሠርቶ እስኪያወዛውዛት ትጠብቃለች። ዓሪፍ አቅፎ አወረዳትና መክፈቻውን ይዞ ተንበረከከ።

በሩን እንደነካ ያዘው። መጀመሪያ የሚቀልድ ነበር የመሰለኝ። ጥርሱ ገጥሞ፣ አንገቱ ተገትሮ፣ ከጉሮሮው እንደ ማንኮራፋት ያለ ድምፅ ሲወጣ ነው የገባኝ። እጁ በሩን አልለቅ አለ። የሥጋ መቃጠል ሽታ መጣ። ገመዱን ከግድግዳው ሶኬት መንጭቄ ስነቅለው በጀርባው ወደቀ። የቀኝ መዳፉ ጠቁሮ ተከፍቶ ነበር። ልጆቹ እየጮኹ እርስ በርስ ተረጋግጠው ወጡ። ያቺ ልጅ ብቻ አጠገቤ ቆማ ቀረች። ካልሲ አላደረገችም፤ በባዶ እግሯ ነጠላ ጫማ ነው ያደረገችው። ከበሩ የለያት የጎማ ሶሏ ብቻ ነበር።

4. ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን ለፖሊስ በሰጠሁት ቃል ላይ ተናግሬአለሁ፤ እዚህም አልሸሽገውም። ከዕቃ ቦርሳችን መዶሻ አወጣሁና ፈረሱን መታሁት። አንገቱን ሰበርኩት፣ ሆዱን ቀደድኩት፣ በገዛ እጄ የገጠምኩትን ቁልፍ እስኪጎብጥ ቀጠቀጥኩት። በሩ ሲገነጠል ከጀርባው ተላጦ የታሰረ ሽቦ አየሁ። ከሞተሩ የመጣ አይደለም፤ ሰው ቆርጦ፣ ልጦ፣ ጠምዝዞ ያሰረው ነው።

5. አቶ ካሳሁን ከጓሮ ፌሮ ይዘው መጡ። ማሽኑን ሲያዩ እንጂ ወንድሜን ሲያዩ አልደነገጡም። «ንብረቴን!» አሉና የወደቀውን ዓሪፍን በፌሮው ጉልበቱ ላይ መቱት። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። ሊነሳ ሲሞክር ደግሞ ትከሻውን ደገሙት። ናርዶስ ከኋላ ልብሳቸውን ብትጎትት በክርናቸው አፏን መትተው ግድግዳ ላይ ጣሏት። ለሦስተኛ ጊዜ ፌሮውን ወደ ዓሪፍ ራስ ሲያነሱ ክንዳቸውን በመዶሻ መታሁ። ፌሮው ከእጃቸው ወደቀ።

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ማመልከቻ ይሆን ነበር። አላቆምኩም። ባዶ እጃቸውን ወደ ኋላ እያሉ ሳለ መንጋጋቸውን መታሁ። ጥርሳቸው ወለሉ ላይ ሲበተን አየሁ። በጉልበታቸው ሲወድቁ መዶሻውን እንደገና አነሳሁ፤ ሳላወርደው የቀረሁት ናርዶስ በደም በተሞላ አፏ ስሜን ስለጠራች ነው። ስለ መጀመሪያው ምት የሚጠይቀኝ ሁሉ የምመልሰው አለኝ። ስለ መንጋጋው ግን ወንድሜን ለማዳን ነው ብዬ መሐላ አልገባም።

6. ዓሪፍ ወደ ወልድያ ተወስዶ ሕይወቱ ተርፏል። የቀኝ እጁ ከአንጓው ላይ ተቆርጧል፤ ጉልበቱ በብረት ተይዟል። አቶ ካሳሁንም መንጋጋቸው ታስሮ ተኝተው ነበር። እኔም እሳቸውም ቃላችንን ሰጥተን በዋስ ከወጣን በኋላ የአገር ሽማግሌዎች ገቡ። ሸኽ አብዱልሐሊም በእኛ በኩል፣ አቶ ዮሴፍ በእሳቸው በኩል ሆነው ደክመዋል፤ አላህ ድካማቸውን ይቁጠርላቸው። ሁለቱ ቤተሰቦች በአንድ ገበያ የሚውሉ ስለሆነ ነገሩ ወደ ደም እንዳይሄድ መፍራታቸው ልክ ነው። እኔም እፈራለሁ። የአቶ ካሳሁን ወንድሞች በራችን ላይ ድንጋይ ወርውረዋል፤ የእኛ የአጎት ልጆችም ዱላ ይዘው ሲወጡ እናቴ ደጃፉ ላይ ተጋድማ ነው የመለሰቻቸው።

7. እርቁ እንዲህ ነበር፦ እሳቸው የእኔን ክስ ይተዋሉ፣ እኛም የእሳቸውን እንተዋለን፤ ሁለታችንም ኤሌክትሪኩ ከሞተሩ በአጋጣሚ የፈሰሰ ነው ብለን እንፈርማለን። ዓሪፍ እንድቀበል ለመነኝ። አልጋው ላይ ሆኖ፣ «እታለም፣ እኔ እጄን አጥቻለሁ። አንቺን ደግሞ እስር ቤት እየተመላለስኩ ልጠይቅሽ?» አለኝ። እናቴም ፈርሚ አለችኝ። ልፈርም ወስኜ ነው ወደ ሽምግልናው የሄድኩት፤ ይህን የምጽፈው ከሰው የተሻልኩ እንዳልመስል ነው።

8. በሽምግልናው ላይ አቶ ዮሴፍ፣ ለወደፊቱ እንዲህ ያለ አደጋ እንዳይደገም አቶ ካሳሁን ምን እንደሚያደርጉ ጠየቋቸው። አቶ ካሳሁን በታሰረ መንጋጋቸው በጥርሳቸው መሐል እንዲህ አሉ፦

«የወልድያዎቹ ይኸው ማንንም አልነኩም።»

አቶ ካሳሁን ያሉት የገባቸው ዘግይቶ ነው፤ ሊያስተካክሉት ሲሞክሩ ሸኽ አብዱልሐሊም እጃቸውን አንስተው አስቆሟቸው። «ልጄ፣ የወልድያዎቹም ላይ አለ ማለት ነው?» ሲሉ ጠየቁ። አቶ ካሳሁን የለም አላሉም። ሸኽ አብዱልሐሊም ጫማቸውን አጥልቀው ተነሱ፤ አቶ ዮሴፍም የራሳቸው ወገን የተቀመጠበትን ትተው ተከተሏቸው። ሁለቱም በተጠሩበት ቦታ የሰሙትን እንደሚመሰክሩ ነግረውኛል። ወ/ሪት ናርዶስም አቶ ካሳሁን የፈረሱን ሣጥን ራሳቸው ሲከፍቱ ወፍራም የጎማ ጓንት ያደርጉ እንደነበር፣ ምክንያቱን ስትጠይቅም ዝም በይ እንዳሏት ለመናገር ዝግጁ ነች። ከሥራዋ ወጥታለች።

9. ከዚያ በቀጥታ ወደ ዓሪፍ ሄጄ የሰማሁትን ነገርኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያም፣ «በይ ጻፊው፤ የአንቺንም ጨምረሽ ጻፊው፤ ያለዚያ እነሱ ይጽፉልሻል» አለኝ። ይህ ማመልከቻ የሁለታችንም ነው።

10. ስለሆነም ክቡር ጽሕፈት ቤቱ፦

ሀ) ተጀምሮ የነበረው እርቅ ያልተፈጸመ መሆኑን አውቆ በአቶ ካሳሁን ብሩክ ላይ የተጀመረው ምርመራ እንዲቀጥል፤

ለ) እኔም አቶ ካሳሁንን በመዶሻ ስለመታሁበት ድርጊት፣ ከመጀመሪያው ምት ሁለተኛው ተለይቶ፣ ሕጉ እንዳለው እንድጠየቅ፤ ስጠራ እቀርባለሁ፤

ሐ) ለሚመለከተው የወልድያ ከተማ ክፍል ዛሬውኑ ተነግሮ የአቶ ካሳሁን ማሽኖች በሙሉ ከኤሌክትሪክ እንዲነቀሉና በባለሙያ እንዲመረመሩ፤ የሣጥኖቹ መክፈቻ ከጠፋ በነጻ እከፍታለሁ፤

መ) የሁለቱም ቤተሰብ ልጆች በድንጋይና በዱላ እንዳይፈላለጉ የጸጥታ ጥበቃ እንዲደረግ በታላቅ አክብሮት አመለክታለሁ።

ጥያቄዎቼ ሁሉ በአንድ ቀን የሚያልቁ እንዳልሆኑ አውቃለሁ። ከመካከላቸው አንዱን ብቻ ለማስቀደም ጊዜ ካለ፣ በተራ ሐ የጠየቅሁት ይቅደም። የእኔ ጉዳይ ቀጠሮ ሊጠብቅ ይችላል። ወልድያ ላይ ግን ልጆች ከትምህርት ቤት የሚለቀቁት ዛሬ ከሰዓት በኋላ ነው።

ለጽሕፈት ቤቱ ካለኝ አክብሮትና ሰላምታ ጋር

ኢብቲሳም ሚስባህ
(ፊርማ)