ምንም የማይሞትበት ሕንፃ

እትዬ፣

ዛሬ ጠዋት አሳንሰር ውስጥ አንዱ ኃላፊ ለሌላው "እዚህ ቤት አንድም ጥናት አይሞትም" ሲለው ሰማሁና ደስ ብሎኝ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ። ያንቺ መድኃኒት አይሞትም ማለት ነዋ!

ለመሆኑ እንዴት ሰነበትሽ? እግርሽ ለደረጃው እሺ አለሽ? ጣቶችሽስ? ባለፈው ስትደውዪ "ቁልፍ ያለው ልብስ ትቼ ሹራብ ለምጃለሁ፣ ፋሽን ነው" ብለሽ ሳቅሽ። እኔም ሳቅሁ። ጡንቻሽ እየከዳሽ መሆኑን ሁለታችንም እያወቅን።

እኔ ደህና ነኝ፤ ድካም ብቻ።

ድሮ ሰባት ሆነን በአሮጌው የጫማ መጋዘን ስንሠራ አንድ ልማድ ነበረን፤ ሙከራ የከሸፈበት ሰው የድስት ክዳን በማንኪያ ይመታል። ሁላችንም ከየጠረጴዛችን ተነሥተን እንስቅበታለን፤ ምን እንደተበላሸ ተጨቃጭቀን ከምሳ በፊት ሌላ መንገድ እንጀምራለን። ከሁላችን አብልጦ የሚመታው አለቃችን ስለነበር ስሙ ጋሽ ክዳኔ ሆኖ ቀረ። "ቶሎ የሞተ ሐሳብ ምሳችንን አይበላብንም" ይል ነበር። ላንቺ ሕመም የሚሆነው ውህድ የተገኘው እንዲህ በጩኸት ነው። እንዳንቺ ጡንቻቸው የከዳቸው አይጦች ውህዱን ወስደው ሽቦ ላይ ሳይወድቁ ተንጠልጥለው መቆየት የቻሉ ዕለት ጋሽ ክዳኔ ክዳኑን ሳይመታ አቅፎት ዋለ።

ሰው ላይ ለመሞከር ግን አቅም አልነበረንም፤ ትልቁ ድርጅት ገዛን። እሰይ አልኩ። እውነቱን ለመናገር መሣሪያቸው ያስቀናል፤ እኛን ሳምንት ይፈጅብን የነበረውን ሻይሽ ሳይቀዘቅዝ ይጨርስልሻል። ከዚያ ውጤቱ ፈቃድ ፍለጋ ከፎቅ ፎቅ ይንከራተታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እዚህ ድሩ አብሯል፣ አንበሳው ዘንድ ማን እንደሚሄድ ግን ገና ስብሰባ ላይ ነው።

በገባን ሰሞን አንድ ሙከራ ከሸፈብኝና በለመደ እጄ ክዳኑን መታሁ። ፎቁ በሙሉ እሳት ተነሣ ብሎ፣ ተሰልፎ በደረጃ ወረደ። ግቢው ውስጥ እንደቆምን የክፍሉ ኃላፊ ጠጋ ብላ "ወንድሜ፣ እዚህ ከሸፈ አይባልም፤ በግምገማ ላይ ነው ይባላል" ብላ መከረችኝ። ጋሽ ክዳኔ ከጎኔ ሆኖ "በዕድሜያችን ይህን ያህል ሰው አንቀሳቅሰን አናውቅም" አለ። እሱ አሁን ከፍተኛ አማካሪ ነው። መስኮት ያለው ቢሮ ሰጥተውታል፤ መጋረጃውን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

ያንቺም መድኃኒት በግምገማ ላይ ነው። ከሰባታችን እሱን ይዤ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። መጥፎ ነው ያለኝ አንድ ሰው የለም፤ ሁሉም "ተስፋ ሰጪ ነው" ይላል። አንዱማ የሚያሳዝነው የሕመምተኛው ቁጥር ማነሱ ብቻ ነው አለኝ፤ ብትበዙለት ደስ እንደሚለው ሁሉ።

እና እትዬ፣ እንቅስቃሴሽን አታቋርጪ። ደረጃ ስትወርጂ የባልሽን ክንድ ያዢ፤ ኩራትሽን ለሰው እንጂ ለደረጃ አታሳዪ። ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ጣቶችሽን ይመልስልሽ፤ እኔንም በሁለት እግርሽ ቆመሽ ለመቀበል ያብቃሽ።

ኮቱን ስትቆልፊለት ያደገው
ታናሽ ወንድምሽ

ሳልነግርሽ፦ ከሰኞ ጀምሮ የፊት ቅባት ወደሚሠራው ክፍል ተዛውሬያለሁ። ክዳኑን ቤት አምጥቼዋለሁ፤ ለትልቁ ድስት ልኩ ነው።